ስኳሩን ማን ይጨምረው? የቡድን ቤት ኃላፊ ሥራ በቀላል አማርኛ

ደሴ ውስጥ፣ ከኛ ቤት ሦስት በር ወረድ ብሎ፣ ሰፈሩ ሁሉ «ማሙሽ» የሚለው ሰው አለ። ማሙሽ 34 ዓመቱ ነው። ጢሙ ላይ ሽበት ጣል ጣል ብሎበታል። ሲወለድ ጀምሮ ዳውን ሲንድረም አለበት። ሰው ሞቶ ድንኳን ሲተከል ቀድሞ የሚደርሰው እሱ ነው። አግዳሚ ወንበር ይሸከማል፣ ውሃ ያቀብላል፣ ማታ ድንኳኑ እስኪጸዳ ንቅንቅ አይልም። የቅሬው መዝገብ ላይ ግን ስሙ የለም። (ቅሬ ማለት ሌላው አገር እድር የሚለው ነው።) መዋጮም ተጠይቆ አያውቅም። ማንም ክፋት አስቦ አይደለም። ዝም ብሎ ለማንም ትዝ አላለውም።

እናቱ 70ን አልፈዋል። አንዳንዴ በረካው ሲቀዳ እንዲህ ይላሉ፦ «እሱን አስቀድሞ እኔን ያስከትለኝ።» ለማያውቅ ሰው ጭካኔ ይመስላል። እንዲህ ያለ ልጅ ያሳደገች እናት ግን ወዲያው ይገባታል። «ከኔ በኋላ ማን ያየዋል?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ስታጣ የሚመጣ ጸሎት ነው።

በሌላው ዓለም ለዚህ ጥያቄ ከተሰጡት መልሶች አንዱ የቡድን ቤት ነው። እኛ ጋ ነገሩ ሲነሳ ወዲያው ይደባለቃል። አንዱ «መጠለያ ነው» ይላል፣ ሌላው «የአእምሮ ሆስፒታል ነው» ይላል። ሁለቱም አይደለም። ቤቱ ቤት ሆኖ መቅረቱን ወይም ወደ መጠለያ መውረዱን በአብዛኛው የሚወስነው ደግሞ አንድ ሰው ነው፦ የቤቱ ኃላፊ። የዚህ ሰው ሥራ ምን እንደሆነ ነው እዚህ የማስረዳው።

የአእምሮ እድገት ውስንነት እና የአእምሮ ሕመም አንድ ናቸው?

አይደሉም። የአእምሮ ሕመም ማንንም ሰው በየትኛውም ዕድሜ ሊይዘው ይችላል። ሕክምና አለው፤ ብዙ ሰው ይሻለዋል። የአእምሮ እድገት ውስንነት በሽታ አይደለም። ከልጅነት የሚጀምር፣ ዕድሜ ልክ አብሮ የሚኖር ነገር ነው። ይህ ስም የሚሰጠው ሦስት ነገሮች ሲገጣጠሙ ነው። ሰውየው አዲስ ነገር ለመማርና ለመረዳት ከሌላው በጣም ይቸገራል። በዕለት ተዕለት ኑሮው፣ ለምሳሌ ገንዘብ በመቁጠር፣ መንገድ በመለየት፣ ከሰው በመግባባት፣ ድጋፍ ያስፈልገዋል። ይህም ለአቅመ አዳም ከመድረሱ በፊት የታየ ነው።

መነሻው ብዙ ነው። ዳውን ሲንድረም 21ኛው ክሮሞሶም (በሰውነታችን ሴሎች ውስጥ ዘርን የሚሸከመው ክር) በሁለት ፈንታ ሦስት ሲሆን የሚመጣ ነው። ምጥ ረዝሞ አየር ያጠረው ጨቅላ አለ። ማጅራት ገትር የመታው ሕፃን አለ። ሳይታከም የቆየ ከባድ የጨቅላ ቢጫነት አለ። እናት በእርግዝናዋ ወቅት አዮዲን ክፉኛ ሲያጥራትም የልጁ አእምሮ ይጎዳል። እንቅርት ለደጋ ሰው እንግዳ አይደለም፤ ጨው ላይ አዮዲን የሚጨመረው ለአንገታችን ብቻ ሳይሆን ለዚህም ነው። እርግማን፣ ዛር፣ የአባት ኃጢአት እዚህ ዝርዝር ውስጥ አይገቡም።

መጠኑም ይለያያል። አንዱ በባጃጅ ሄዶ፣ ሥራ ውሎ፣ ዳቦ ገዝቶ ይመለሳል። ሌላው በቃል አይናገርም፤ ለመጉረስም ሰው ይፈልጋል። «እነሱ» ብሎ በጅምላ ማውራት የማያዋጣው ለዚህ ነው።

ጥያቄውን አዲስ ያደረገው ሌላ ነገር አለ። በሀብታም አገሮች ዳውን ሲንድረም ያለበት ሰው አማካይ ዕድሜ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ 25 ዓመት ገደማ ነበር። ዛሬ 60 ገደማ ደርሷል፤ የልብ ቀዶ ሕክምናው ትልቅ ድርሻ አለው። ድሮ ወላጅ ልጁን ይቀብር ነበር። አሁን ልጁ ወላጁን አልፎ ይኖራል።

የቡድን ቤት ምንድነው? ኮንዶሚኒየም ነው እንዴ?

«የጋራ መኖሪያ ቤት» ብል ዕጣ የወጣላችሁ ይመስላችኋል። ስለዚህ «የቡድን ቤት» እንበለው። ሰፈር መሃል ያለ ተራ ቤት ነው። ጥቂት አዋቂ ሰዎች ይኖሩበታል። ሠራተኞች በፈረቃ እየመጡ ያግዟቸዋል። ኃላፊ አለው።

ነገሩን በሕግ አጥብቀው ከያዙት አገሮች አንዷ ስዊድን ናት። እዚያም ቀድሞ እነዚህ ሰዎች ትልልቅ ተቋማት ውስጥ ይታጎሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1969 ቤንክት ኒርዬ የተባለ ስዊድናዊ አንድ ቀላል የሚመስል ሐሳብ ጻፈ፦ ሌላው ሰው የሚኖረው የቀን፣ የሳምንትና የዓመት ዑደት ለእነዚህም ይገባል። ጠዋት ለብሶ መውጣት፣ ማታ ወደ ቤት መመለስ፣ በዓል ሲመጣ በዓል ማክበር፣ ሲያድጉ እንደ አዋቂ መኖር። ተቋም ውስጥ ግን የማታ ሠራተኛ ስላነሰ ብቻ ትልቅ ሰው ገና ሳይመሽ ከዶሮ ጋር ይተኛ ነበር።

ከዚያ ሕጉ ተከተለ። «ኤል ኤስ ኤስ» የሚባለው የድጋፍ ሕግ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 1994 ጀምሮ ይሠራል። ትልልቆቹ ተቋማትም እስከ እ.ኤ.አ. 1999 መጨረሻ እንዲዘጉ ታዘዘ። ዛሬ እዚያ አንድ የቡድን ቤት ብዙውን ጊዜ ከሦስት እስከ አምስት ሰው ነው የሚይዘው። እያንዳንዱ ነዋሪ የራሱ በር፣ የራሱ መታጠቢያ፣ የራሱ ማብሰያ አለው። የኪራይ ውሉም በራሱ ስም ነው። ይህ የውል ነገር ቀላል እንዳይመስላችሁ። ውል ያለው ሰው ቤት ሰተት ተብሎ አይገባም። ኃላፊውም ያንኳኳል።

ቁጥሩ ትንሽ የሆነበት ምክንያት ወጥ ቤት ውስጥ ይገባችኋል። ለአምስት ሰው ወጥ ስትሠሩ «ማነው በርበሬ የማይወደው?» ትላላችሁ። ለሃምሳ ሰው ስትሠሩ የሚወስነው ድስቱ ነው።

«ተሳትፎ» ሲባል ስብሰባ ነው?

እኛ አገር ተሳትፎ ሲባል ዓይናችን ላይ የሚመጣው አዳራሽ፣ የታሸገ ውሃ፣ መፈረሚያ ወረቀትና አበል ነው። እዚህ ሌላ ነው። ሦስት ደረጃ አድርጋችሁ አስቡት፦ መገኘት፣ መሥራት፣ መወሰን።

ንጉሥ ሚካኤል ደሴ ላይ ያሠሩትን አይጠየፍ አዳራሽ ሁላችንም እናውቀዋለን። ስሙ ራሱ ይናገራል፤ ማንንም አይጠየፍም። ግብር ሲገባ ገብቶ መብላት ትልቅ ነገር ነው። ግን ለግብሩ የሚታረደው የትኛው ሰንጋ ይሁን ተብሎ የተጠየቀ ተጋባዥ ያለ አይመስለኝም። መገኘት እዚያ ያበቃል።

ማሙሽም ድንኳኑ ውስጥ ይገኛል። ይሠራልም። ቅሬው ተሰብስቦ «አዲስ ድንኳን ይገዛ ወይስ አሮጌው ይጠገን?» ሲባል ግን የሚጠይቀው የለም። የትኛው ካስማ እንደተሰበረ፣ ሸራው የት ጋ እንደተቀደደ ከሁላችንም በላይ የሚያውቀው እሱ ነው። ሰፈሩ ይወደዋል፤ ግን አይቆጥረውም።

ብዙ የቡድን ቤቶችም እዚህ ላይ ነው የሚቆሙት። ነዋሪው ዕቃ ሲታጠብ ተቀምጦ ያያል። ሻይ ተቀድቶለት ይጠጣል። በሳምንት አንድ ቀን በመኪና ፒያሳን ዞሮ ይመለሳል። ፎቶው ያምራል፤ ለሪፖርትም ይሆናል። ሰውየው የወሰነው ነገር ግን አንድም የለም። መቼ ልነሳ? የትኛውን ሸሚዝ ልልበስ? ክፍሌ ማን ይግባ? ሻዬ ላይ ስንት ማንኪያ ስኳር? ተሳትፎ የሚታየው እዚህ ላይ ነው።

ታዲያ ኃላፊው ምን አገባው? ሠራተኞቹ አሉ አይደል?

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ተመራማሪው ጂም ማንሴልና ባልደረቦቹ በደቡብ እንግሊዝ፣ አንዶቨር በምትባል ከተማ፣ ከባድ ውስንነት ያለባቸው ሰዎች ተራ ቤት ውስጥ መኖር እንደሚችሉ አሳዩ። እነሱም፣ ከእነሱ በኋላ የመጡትም፣ ደጋግመው ያዩት ነገር አለ። ቤት መቀየር ብቻውን አይበቃም። ቤቱ ያማረ፣ ሠራተኛው በቂ ሆኖ እንኳ ሰዎቹ ቀኑን ሙሉ ሶፋ ላይ ተቀምጠው ሊውሉ ይችላሉ። ልዩነት የሚያመጣው ሠራተኛው አጠገባቸው ሆኖ የሚያደርገው ነገር ነው። ሠራተኛው የሚያደርገውን ደግሞ በጣም የሚቀይረው የቅርብ አለቃው ነው።

ለምን? ሠራተኛ ሰነፍ ሆኖ አይደለም ለነዋሪው ሁሉን የሚሠራለት። ስለሚፈጥን ነው። ጨዋነትም አለበት፤ እኛ ጋ ለደካማ ሰው መታዘዝ ጽድቅ ነው፣ እሱን ማሠራት ደግሞ ነውር ይመስላል። በዚህ ላይ ማንም ሠራተኛ አለቃው የሚያይለትን ነው የሚሠራው። ኃላፊው ሲገባ «ወለሉ ለምን አልተወለወለም?» ካለ ሠራተኛው ወለሉን ይወለውላል፤ ብቻውን፣ ቶሎ። «ዛሬ ከማን ጋር ወለወልክ?» ካለ ነገ መወልወያውን ሌላ እጅም ይይዘዋል።

እስቲ በቡና እንየው

«አክቲቭ ሰፖርት» (ንቁ ድጋፍ እንደማለት) የሚሉት አሠራር አለ። እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ ተጀምሮ አውስትራሊያ ድረስ ሄዷል። ስሙን ተውት፤ ነገሩን ቡና ያስረዳዋል።

አራት ሰው የሚኖርበት ቤት ነው እንበል። አንዷ ነዋሪ ቃል ብዙም አይወጣትም። ቡና ማፍላት «አትችልም» ተብላለች። እውነት ነው፣ ከጅምሩ እስከ በረካ ብቻዋን አትዘልቀውም። ቡና ግን አንድ ሥራ አይደለም። ቄጤማ መጎዝጎዝ፣ ቡናውን መልቀም፣ ማጠብ፣ መቁላት፣ ጭሱን ዞሮ ማሸተት፣ መውቀጥ፣ ጀበናውን መጣድ፣ ስኒ መደርደር፣ ስኳር መጨመር፣ ማደል፣ ጎረቤት መጥራት። ቆጠርኳቸው፤ 11 ናቸው። ከ11 አንዱን እንኳ የማይችል ሰው ማግኘት ይከብዳል።

እርዳታውም በደረጃ ነው። መጀመሪያ መጠየቅ፦ «ቡናውን እንውቀጠው?» ካልሆነ መንገር፦ «ዘነዘናውን አንሺው።» ካልሆነ ወደ ሙቀጫው መጠቆም። ካልሆነ አንዴ ወቅጦ ማሳየት። ያም ካልሆነ እጇን ይዞ አብሮ መውቀጥ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ መልቀቅ። እርዳታው ካነሰ ትታው ትነሳለች። ከበዛ ደግሞ ቡናውን የወቀጠው ሠራተኛው ነው።

አሁን ኃላፊውን እናስገባው። ቢሮ ውስጥ አይደለም፤ በርጩማ ስቦ ሙቀጫው አጠገብ ተቀምጧል። ሠራተኛዋ ቸኩላ ዘነዘናውን ከሴትዮዋ እጅ ስትቀበል ያያል። አይቆጣም። «እስቲ ለኔ» ብሎ ይቀበልና ራሱ ያሳያል። የሴትዮዋን እጅ ዘነዘናው ላይ ያስቀምጣል፤ የራሱን ከስር ያደርጋል። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ አብረው ይወቅጣሉ። ይለቃታል። አራተኛውን ብቻዋን ትወቅጣለች፤ ግን ዘነዘናው የሙቀጫውን አፍ ስቶ ቡናው መሬት ላይ ይበተናል። ሠራተኛዋ ለማንሳት ጎንበስ ስትል «ቆዪ» ይላታል። መጥረጊያውን ለሴትዮዋ ያቀብላታል። 12ኛ ሥራ ተገኘ።

ቡናው እርግጥ ዘገየ። ሠራተኛዋ ዓይኗ ሰዓቱ ላይ ነው፤ ምሳ ሊረፍድ ነው። ይህን ነገር ነገም የምትደግመው ምሳ ረፈደ ብሎ የማይጮህባት አለቃ ካላት ብቻ ነው። ኃላፊው በአንድ ረፋድ ያስተማራት ነገር በሦስት ቀን ስልጠና አይገኝም። ስልጠና አይጠቅምም ማለቴ አይደለም። አዳራሽ ውስጥ ሙቀጫ የለም ማለቴ ነው።

ኃላፊው ቀኑን በምን ያሳልፍ?

ማንሴልና ጁሊ ቢድል-ብራውን፣ ቀጥሎም አውስትራሊያ ውስጥ ክሪስቲን ቢግቢ፣ የዚህን ኃላፊ ሥራ በአምስት ከፍለው ያዩታል። የሥራው ሁሉ መለኪያ የነዋሪዎቹ ኑሮ እንዲሆን ማድረግ። ማን፣ መቼ፣ ከማን ጋር እንደሚሠራ መደልደል። አጠገብ ሆኖ ማየትና ማሳየት፤ ይህ የቡናው ነው። ከእያንዳንዱ ሠራተኛ ጋር ለብቻ ቁጭ ብሎ መነጋገር። የቡድኑን ስብሰባ መምራት።

ድልድሉ ደረቅ የቢሮ ሥራ ይመስላል። አይደለም። ሁለት ነዋሪዎች በገበያ ቀን ገበያ መውጣት ይወዳሉ እንበል። በዚያ ቀን ፈረቃ ላይ ያለችው ግን አንዲት ሠራተኛ ብቻ ናት፤ ቤት የሚቀሩትን ጥላ መውጣት አትችልም። «በሌላ ቀን እንወስዳችኋለን» ይባላል። በሌላ ቀን ገበያ የለም። ወር ያልፋል፤ ከዚያ «እነሱ እኮ መውጣት አይወዱም» የሚል ወሬ ይመጣል። ችግሩ ግድግዳው ላይ የተለጠፈው የፈረቃ ወረቀት ነበር። ያን ወረቀት የሚጽፈው ኃላፊው ነው።

የሠራተኛ ስብሰባም እንዲሁ። ብዙ ቦታ ስብሰባው በሳሙና ማለቅ፣ በማርፈድና በጠፋ ቁልፍ ይጀምርና እዚያው ያልቃል። ጎበዝ ኃላፊ መጀመሪያ የሚጠይቀው «በዚህ ሳምንት ማን ምን አዲስ ነገር ሞከረ?» ብሎ ነው። ሳሙናው መጨረሻ ላይ አምስት ደቂቃ ይበቃዋል።

ትልቁ እንቅፋት ምንድነው ካላችሁ፣ ወረቀት ነው። ስዊድን ውስጥም ኃላፊዎች ከአንድ በላይ ቤት ይይዛሉ፣ በጀትና ቅጥር ይውጣቸዋል፣ ነዋሪዎቹ ጋ የሚቀመጡበት ጊዜ ያጣሉ። እኛ ጋ ቢሆን ሪፖርት፣ ደረሰኝ፣ ግዢ፣ ለመጣ እንግዳ ሁሉ ማስጎብኘት ይጨመርበታል። ኃላፊ የሚቀጥር ሰው ካለ ምክሬ ይህ ነው፦ ለወረቀቱ ሌላ ሰው ፈልጉለት።

«ልጆቹ» ማለት ምን ችግር አለው?

«ልጆቹ በሉ?» «ልጆቹን አጠብናቸው።» ልጆቹ የ45 ዓመት ሰዎች ናቸው። አማርኛችን እዚህ ላይ ያጋልጠናል። አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ፣ አንቱ፤ ሰውን የት እንዳስቀመጥነው አፋችን ይናገራል። አሥር ዓመት የምታንሰው ሠራተኛ «ና አንተ፣ ቁጭ በል» ስትለው የሰማ ሰው ቤቱ የማን እንደሆነ ወዲያው ይገባዋል።

ሁሉንም «እርስዎ» ይበሉ እያልኩ አይደለም፤ ከወዳጅ ጋር «አንተ» ፍቅር ነው። መለኪያው ቀላል ነው። ይህ ሰው ውስንነት ባይኖርበት ምን ብለን እንጠራው ነበር? ጋሼ? እትዬ? በስሙ? ኃላፊው «ልጆቹ» ማለት የተወ ዕለት ሠራተኞቹም ቀስ በቀስ ይተዋሉ። በማስታወቂያ ሰሌዳ ሲነገር ግን ማንም አይተወውም።

«እሺ» ሁሉ እሺ ነው?

ይህን ልብ በሉ። «ሻይ ትፈልጋለህ?» «እሺ።» «ወይስ ቡና?» «እሺ።» «ቤት እንሂድ?» «እሺ።» ተመራማሪዋ ካሮል ሲግልማንና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1981 እንዳሳዩት፣ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ብዙ ሰዎች ጥያቄው ሲከብዳቸው ወይም ጠያቂውን ማስደሰት ሲፈልጉ «አዎ» ይላሉ። በላዩ የኛን ይሉኝታ ጨምሩበት። ዕድሜውን ሙሉ ሲታዘዝ የኖረ ሰው «እምቢ» ማለት ከየት ያመጣል?

ስለዚህ ኃላፊው ሠራተኞቹን ሌላ አጠያየቅ ያለማምዳል። ሁለቱን ሸሚዝ አንስቶ ማሳየት፤ የቱን እንደነካ ማየት። ጥርጣሬ ካለ ቦታቸውን ቀያይሮ እንደገና ማሳየት፤ የቀኙን ስለወደደ ነው ወይስ ሰማያዊውን? ከዚያ መጠበቅ። መጠበቁ ነው የሚያቅተን። አንድ፣ ሁለት እያላችሁ በልባችሁ እስከ አሥር ቁጠሩ፤ ዝምታው እንዴት እንደሚረዝም ታያላችሁ። መልሱ ብዙ ጊዜ ስምንት ላይ ይመጣል፣ እኛ ግን ሦስት ላይ ራሳችን መልሰናል።

የነዋሪዎች ስብሰባም በዚህ ይለካል። አንድ ጉዳይ ብቻ፣ በሥዕል ወይም በዕቃ፣ ውጤቱም በማግስቱ የሚታይ። «ሐሙስ ምን ይበላ?» ተብሎ ምስር ከተመረጠ፣ ሐሙስ ምስር ይቅረብ። ሽሮ ከቀረበ ያ ስብሰባ ሁለተኛ አያስፈልግም፤ ሁሉም ዋጋውን አውቆታል።

አደጋ ቢደርስበትስ?

የእናቶች ሁሉ ጥያቄ ይህ ነው፤ ትክክለኛ ጥያቄም ነው። ፒያሳ ላይ አስፋልት መሻገር ለማንም ቀልድ አይደለም። ሮበርት ፐርስኬ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1972 የጻፈው ሐሳብ አለ፦ ሰው የመሞከርና የመሳሳት ክብር አለው፤ ከአደጋ ሁሉ የተጋረደ ሰው ክብሩም አብሮ ይወሰድበታል። ማናችንም ሳንወድቅ ሳይክል አልነዳንም።

ይህ ማለት በር ከፍቶ መልቀቅ አይደለም። ዳቦ ቤት ብቻውን መሄድ የሚፈልግ ነዋሪ አለ እንበል። መጀመሪያ አብሮት የሚሄድ ሰው ይመደባል። ከዚያ ሠራተኛው አሥር እርምጃ ወደኋላ ይቀራል። ከዚያ ዳቦ ቤቱ ጋ ይጠብቀዋል። በመጨረሻ ቤት ሆኖ ይጠብቀዋል። ባለ ዳቦ ቤቱም ያውቃል። ዕቅዱ ተጽፎ ኃላፊው ይፈርምበታል። ፊርማው ቁልፍ ነው። ሠራተኛ አብዛኛውን ነገር የሚከለክለው «ቢወድቅ እኔ ልጠየቅ ነው» ብሎ ነው። ኃላፊው «የምጠየቀው እኔ ነኝ» ብሎ ሲፈርም በሩ ይከፈታል።

አንድ አደጋ ግን በሰፊው ሳይነገር ይቀራል። ውስንነት ያለባቸው ሴቶችም ወንዶችም ለፆታዊ ጥቃት ከሌላው ይልቅ የተጋለጡ ናቸው፤ አድራሹም ብዙ ጊዜ የሚያውቁት ሰው ነው። ቆልፎ ማስቀመጥ አይከላከልም፤ ጥቃቱ ከተቆለፈው በር ውስጥም ሊሆን ይችላል። «እምቢ» ማለት የተለማመደ፣ ገላው የራሱ መሆኑን የሚያውቅ፣ ለማን እንደሚናገር የተነገረው ሰው ይሻላል። ሸሚዝ ማስመረጥ እዚህ ድረስ ይሄዳል።

ጾሙስ? ሶላቱስ?

ደሴ ላይ ቤት ቢከፈት አንዱ ነዋሪ ረመዷንን፣ ሌላው ሁዳዴን ይዞ መምጣቱ አይቀርም። ሠራተኛ «እሱ አይገባውም፣ ጾም አይመለከተውም» ሊል ይችላል። በእስልምና አቅለ ሙሉ ያልሆነ ሰው ላይ ግዴታ የለም፤ በክርስትናውም አቅም የሌለው አይገደድም። ይህ ምሕረት ነው። ክልከላ ተደርጎ ሲተረጎም ግን ሰውየው ሰፈሩ ሁሉ ከሚኖርበት ዓመት ውጭ ይሆናል። ቀኑን ሙሉ ባይጾምም አፍጥር ላይ ከሰው ጋር ቴምር ሊያነሳ ይችላል። ቅዳሴውን ባይከታተልም ለጥምቀት ነጭ ለብሶ ሊወጣ ይችላል። ኃላፊው የሚያስበው ይህን ነው፦ ማን ይወስደዋል? ፈረቃው ላይ ማን አለ? ሁለት ድስት ይጣድ? መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ ደግሞ ጾሙን ከሐኪም ጋር መነጋገር ግድ ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

አጭር ነው። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ተቀብላለች። የስምምነቱ አንቀጽ 19 ሰው የት እና ከማን ጋር እንደሚኖር የመምረጥ መብት እንዳለው ይናገራል። አንቀጽ 12 ደግሞ በሕግ ፊት እንደማንኛውም ሰው እንዲቆጠር፣ ለመወሰን ድጋፍ ካስፈለገውም እንዲያገኝ ይላል። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ላይ መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ለአካልና ለአእምሮ ጉዳተኞች እንክብካቤ እንደሚያደርግ ይደነግጋል። ሥራን በተመለከተ አዋጅ ቁጥር 568/2000 አለ፤ ልጁን ኮምቦልቻ ፋብሪካ ሊያስቀጥር የሚያስብ ቤተሰብ ቢያነበው አይከፋም። በሌላ በኩል የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሰውን በፍርድ ከልክሎ ሌላ ሰው እንዲወስንለት የሚያደርግ አሠራር አለው። ሁለቱ ሐሳቦች ጎን ለጎን አሉ። አንዱ «ደግፈው ይወስን» ይላል፣ ሌላው «ይወሰንለት»።

ቤት ለማየት ብሄድ ምን ልይ?

ቀለሙን ተዉት። በሩን ማን እንደከፈተላችሁ እዩ፤ ነዋሪ ነው ወይስ ዘበኛ? ኃላፊው ሲያስጎበኛችሁ የሰው ክፍል ሳያንኳኳ ከከፈተ እዚያው ልብ በሉ። ማጀቱ ተቆልፎ እንደሆነ ጠይቁ። ፎቶ የሌለበት፣ ሁሉም አልጋ አንድ ዓይነት አንሶላ የለበሰበት ክፍል ካያችሁ፣ ልብሱ የማን የማን እንደሆነ ጠይቁ። ኃላፊውን ስለ አንድ ነዋሪ አናግሩት። የሚነግራችሁ ስለ በሽታውና ስለ መድኃኒቱ ብቻ ነው? ወይስ «እሱ እኮ ሬዲዮ ካልከፈተ ፊቱን አይታጠብም» የሚል ነገርም ያውቃል?

ይህን ሁሉ ባለፈው ለማሙሽ እናት አስረዳኋቸው። ከአቦል እስከ በረካ ጨረስኩት። ዝም ብለው ሰሙኝና የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ቡናውን ራሱ ካፈላው፣ ስኳሩን ማን ይጨምርለታል?»

«ራሱ ነዋ!»

«ውይ! አራት ማንኪያ ነው እኮ የሚጨምረው።»

ማሙሽ ከአግዳሚው ላይ ቀና አለ።

«አምስት» አለ።